እንጨት በእንጨት ውስጥ የሚያልፍበት ድልድይ

ይቺን ነገር ለሰው ካላወራሁ ሆዴ አያርፍም፣ ጊዜ ካላችሁ ስሙኝ። ንፋስ መውጫ መናኸሪያው አጠገብ የአጎቴ ጌም ቤት ውስጥ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ደምሌ። ትምህርት ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት፣ ስለ ጌም ግን እኔን ጠይቁኝ። የማወራው ደግሞ ስለ ጋሽ አገኘሁ ነው።

ጋሽ አገኘሁ አናጢ ነው። ጣራ ይመታል፣ በር ይሠራል፣ ክረምት ሊገባ ሲል በየሰፈሩ የእንጨት ድልድይ ይዘረጋል። ድልድዩ ሚስማር የለውም። ከወንዙ ግራና ቀኝ የባህር ዛፍ ግንድ በግንድ ላይ ይደረድራል፣ ላይኛው ከታችኛው ትንሽ አለፍ ብሎ ወደ ውሃው ይወጣል፣ ኋላው ላይ ድንጋይ ይከምርበታል፣ መሃሉን በረዥም ግንድ ይገጥመዋል። የሚይዘው ክብደቱ ራሱ ነው።

ያን ዓመት አይሱዙ የሚያሻግር ሰፊ ድልድይ ለሰፈሩ ሊሠራ አሰበ። ዛፉን የሚሰጡት የሰንበቴው ሰዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ "አይሱዙ ይሰብረዋል፣ ዛፋችንን በከንቱ አንቆርጥም" አሉ። እነሱን ማሳመን የሚችሉት ቄሳቸው መምሬ ቀለመ ወርቅ ብቻ ናቸው። እንዲህ ሲብሰለሰል ነው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ እኔ ጋ መጥቶ ድልድይ የሚሠራበት ጌም ስጫወት ያየኝ።

"ደምሌ፣ ይሄ መኪና የሚሄደው በሠራኸው ላይ ነው?"

"አዎ ጋሼ። ደካማ ከሆነ ይወድቃል።"

"በል ተነሳልኝ። እዚህ ላይ ሠርቼ ለመምሬ አሳያቸዋለሁ።"

ግንድ በግንድ ላይ ደረደረ፣ ልክ ወንዙ ላይ እንደሚያደርገው። ማስጀመሪያውን ስጫነው ግንዶቹ እንደ ጥላ አንዱ በአንዱ ውስጥ አልፈው ውሃ ገቡ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጋሼ፣ ይሄ ጌም እንጨት ከእንጨት ጋር እንደሚነካካ አያውቅም። ጫፍ ለጫፍ ማሰር አለብህ።"

"ለምን አስራለሁ? ተኝቶበታል እኮ።"

"ጎማና መንገድ ሲነካካ ብቻ ነው የሚያውቀው።"

"ዕውር ነዋ።"

ሳምንቱን ሙሉ ተመላለሰ። እሰረው ብለው፣ ብለው፣ እምቢ አለ። "ካሰርኩትማ የማሳያቸው የሌላ ሰው ድልድይ ነው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኔም በጌሙ ተናደድኩ። ደብረ ታቦር ያለ ጓደኛዬ ሌላ አዲስ የድልድይ ጌም በፍላሽ ላከልኝ፣ ሁሉም ነገር የምር የሚነካካበት። ጋሽ አገኘሁ ደረደረ፣ ግንዱ ግንዱ ላይ አረፈ፣ ረገብ አለና ቆመ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ መምሬን ይዟቸው መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አይሱዙ የሚያህል መኪና መርጬ ለቀቅኩት። ምን ዋጋ አለው፣ የአጎቴ ኮምፒዩተር አሮጌ ነው። ግንዶቹ የሚነካኩበትን ሁሉ ማስላት ሲጀምር ተጨነቀ። መኪናው ትንሽ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል።

"ይሄ መኪና ጾም ላይ ነው እንዴ?" አሉ መምሬ።

"ኮምፒዩተሩ እያሰበ ነው አባ።"

"እኔ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ጨረስኩ፣ እሱ ገና ያስባል?"

ጋሽ አገኘሁ አልሳቀም። መኪናው ድልድዩ መሃል ሲደርስ ስክሪኑ ድርቅ አለ። ማውሱን ብነካ፣ ኪቦርዱን ብደበድብ፣ ምንም። መምሬ ብዙ ጠበቁና ተነሱ።

"አገኘሁ ልጄ፣ ነገ ሰንበቴው ላይ ሲሻገር አየሁ ብዬ መናገር አልችልም።"

"አባ፣ አልወደቀም እኮ።"

"አልወደቀም። አልተሻገረምም። ያላየሁትን አልመሰክርም።"

በማግስቱ ሰንበቴው ዛፍ አልሰጥም አለ። ክረምቱ ገባ፣ አይሱዙው ከወንዙ ወዲህ እየቆመ ሰው ጆንያውን በጀርባው አሻገረ። ጋሽ አገኘሁ ጆንያ ተሸክሞ ውሃው ውስጥ ቆሞ አየሁት፣ ግንዱ ማረፍ የነበረበትን ቦታ እያየ።

እስካሁን ያቃጥለኛል። እናንተስ፣ በእጃችሁ የምታውቁትን ሥራ ማሽን አላሳይም ብሎባችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?