የእህቴ እጅና የሙሽሮች ኩል

ታላቅ እህቴ ሙሽራ ታስውባለች። የምትሠራው አትላስ አካባቢ ካሉት የውበት ሳሎኖች በአንዱ ነው። በሠርግ ወራት ቅዳሜ ጠዋት በአበባ የተሸለሙ መኪኖች ሳሎኑ በር ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፤ ብዙዎቹ እሷን ብለው የመጡ ናቸው። እኔ፣ እሷና እናታችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። ስለ እሷ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ፤ በመጨረሻ አስፈቀድኳት።

"ስሜን ካልጠራሽ ጻፊ" አለችኝ። "ወፈረች ብለሽ ግን እንዳትጽፊ።"

ያለ ውፍረቱ ታሪኩ እንደማይሞላልኝ ስነግራት ስቃ ተወችኝ።

ስትሠራ ላላየ ሰው በወሬ ብቻ አይገባውም። ኩሉን ከውስጠኛው የዓይን ጥግ ታስነሳና ትንፋሿን ይዛ፣ ሳታቋርጥ፣ እስከ ጫፍ ትወስደዋለች። ሙሽሮቹ መስታወት ሲያዩ ዝም ይላሉ። እናቶቻቸው ደግሞ ያለቅሳሉ። ያኔ እህቴ ዞር ብላ "እማማ፣ እርስዎ ካለቀሱ እሷም ታለቅሳለች፤ ልፋቴን ውኃ አያስበሉብኝ" ትላቸዋለች።

ሕመሙ የመጣው ሥራዋ በጣም ባማረበት ዓመት ነው። መጀመሪያ ሕመም አልመሰለንም። እንቅልፏ ቀነሰ፤ ግን ደከመኝ አትልም። ወሬዋ ፈጠነ፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን ታነሳለች። ዛሬ የራሷን ሳሎን ልትከፍት ነው፣ ነገ ትምህርት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ለሚ ኩራ ላይ የሠርግ አዳራሽ። ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ማንም ሊያዳርሰው የማይችለውን ያህል ሙሽራ ተቀበለች። ቁም ሳጥኗን ገልብጣ ልብሷን ለሕንፃው ሴቶች አደለች። ቤተሰባችን ከሆሳዕና የመጣ፣ በጸሎት ያደገ የጴንጤ ቤተሰብ ነው፤ እማዬ ጌታ ደስታ ሰጣት ብላ አመሰገነች። እውነት ለመናገር ደስታዋ ወደ እኔም ይጋባ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ከአራብሳ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ከወንበሯ ተነስታ፣ ጎንበስ እንዳለች፣ የእያንዳንዱን ተሳፋሪ ፊት እያየች ስለ መልኩ ትነግረው ጀመር። መጀመሪያ ሰዉ ሳቀ። ቆይቶ መሳቁን ተወ። ረዳቱ "እህት፣ በናትሽ ቁጭ በይ" አላት። መቀመጥ ፈልጋለች፤ አልቻለችም። ይዣት ወረድኩ። መንገድ ዳር ቆማ አፏ ያለ ማቋረጥ ያወራል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። ያኔ ነው የፈራሁት።

ከዚያ ደግሞ ወደቀች። ለወራት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። የሰው ፊት ስታበራ የኖረች ሴት የራሷን ፊት መታጠብ አቃታት። እማዬ አጠገቧ ተንበርክካ ትጸልያለች፣ ገንፎ ትሠራላታለች፣ እሷ አንድ ማንኪያ ትቀምስና ትመልሰዋለች።

እኔና እማዬ ሐኪም ጋ ወሰድናት። ዶክተሯ ረጋ ያለች፣ ስታዳምጥ እስክሪብቶዋን የምታስቀምጥ ሴት ናት። ብዙ ከጠየቀቻት በኋላ "ባይፖላር ይባላል" አለቻት። "ስሜትሽ አንዴ ከልክ በላይ ይወጣል፣ አንዴ ከልክ በላይ ይወርዳል። ጥፋትሽ አይደለም። መድኃኒት አለው፤ ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን ሲሻልሽ የምትተይው አይደለም።" ያዘዘችላት ሊትየም ነበር፤ በየጊዜው ደሟን እየተመረመረች የምትወስደው።

መድኃኒቱ ሠራ። እህቴ ከግድግዳው ዞረች፣ ተነሳች፣ ሻወር ገባች፣ አንድ ጠዋት "ሚጢ፣ ይሄ ሹራብሽ አያምርም" አለችኝ። ተመልሳ መጣች ብዬ እማዬን አቀፍኳት።

ግን ጣጣም ይዞ መጣ። መጀመሪያ ጥም ነው፣ የማይረካ ጥም። ትልቅ የውኃ ፕላስቲክ ይዛ ነው ከቤት የምትወጣው፤ የጠጣችው ደግሞ መውጫ ይፈልጋል። በሥራ መግቢያ ሰዓት ከአራብሳ አትላስ የተጓዘ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። መንገዱ ተዘግቶ፣ ሚኒባሱ ተጨናንቆ፣ እሷ ከንፈሯን ነክሳ በመስኮት ታያለች። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ ወርዳ እያለቀሰች ቤት ተመልሳ ታውቃለች። በኋላ መላ ፈለገች። በመንገዱ ላይ ያሉትን ማደያዎችና ካፌዎች አጠናች፣ ጥበቃዎቹን በሰላምታ ያዘቻቸው። "አባባ እንዴት አደሩ? ዛሬም መጥቻለሁ" ስትላቸው ቁልፉን ይዘው ይጠብቋታል። አንዱ ሽማግሌ ስኳር ያለባት መስሏቸው "አይዞሽ ልጄ፣ ባለቤቴም አለባት" ብለው አጽናንተዋታል። አላረመቻቸውም፤ ባለፈች ቁጥር "እሜቴ እንዴት ናቸው?" ትላቸዋለች።

ከዚያ ውፍረቱ መጣ። ሰው ሲያገኛት "ተመችቶሻል!" ይላታል፤ ሰፈራችን ውስጥ ይህ ምርቃት ነው። እሷም "አዎ ተመስገን" ብላ ታልፋለች። ቤት ስትገባ መስታወት ፊት ቆማ ጎኗን ትይዛለች። "ልብሴን ማደሌ በጊዜው ነበር" አለችኝ አንዴ፤ "አንዱም አይገባኝም ነበር።"

ይህን ሁሉ ቻለችው። እጇ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሥራ በተመለሰች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ልታገባ ሆነና እኔም አብሬያት ሳሎን ሄድኩ። እህቴ የሙሽራዋን ፊት አሳምራ ጨረሰችና የኩሉን ብሩሽ አነሳች። ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ። ሌላ ሥራ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ የዓይን ቆብ ላይ ግን መስመሩ ተሰበረ። ጠርጋ እንደገና ሞከረች። ባሰ።

ብሩሹን አስቀመጠችና ከሙሽራዋ ዓይን ትክክል ዝቅ አለች።

"የኔ ቆንጆ፣ የምወስደው መድኃኒት እጄን ያንቀጠቅጠዋል። ዛሬ ቀንሽ ነው፤ አልሞክርብሽም። ዓይንሽን ጓደኛዬ ትሠራልሽ፣ እኔ አጠገብሽ ነኝ።"

"የምን መድኃኒት ነው?" አለች ሙሽራዋ፣ ደንግጣ።

"የአእምሮ።"

ፀጉር ማድረቂያው ብቻ ይጮሃል። በዚህ ከተማ ይህን ቃል ስለ ራሱ፣ በሰው ፊት፣ ድምፁን ሳይቀንስ የተናገረ ሰው ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ሙሽራዋ እጇን ዘርግታ የእህቴን እጅ ያዘች። ሌላኛዋ ልጅ ኩሉን እስክትጨርስ አልለቀቀቻትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ባለሳሎኗ እህቴን ወደ ፀጉር ማጠቢያው አዛወረቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ "እስኪሻልሽ ነው" አለቻት። እህቴ ማጠቢያው ጋ ቆማ፣ ከጀርባዋ ሌሎች የእሷን ሙሽሮች ሲያስውቡ እየሰማች ሠራች። ከሥራ ጓደኞቿ አንዷ ልትረዳት አስባ "ለሠርግ ቀን ብቻ ብትተይውስ? ከሐሙስ ጀምረሽ አትውጪው፣ እሁድ ትቀጥያለሽ" አለቻት። ማታ ራት ላይ ስትነግረን እማዬ ትክ ብላ አየቻት።

"ምን አልሻት?"

"አመሰገንኳት። ሚጢ፣ ያን ሚኒባስ ታስታውሽዋለሽ አይደል? ሰው፣ የታመመ ሰው ያደረገውን ረስቶታል ብሎ ያስባል። እኔ የሁሉንም ሰው ፊት አስታውሳለሁ። ለሚያምር ኩል ብዬ እዚያ አልመለስም።"

ዶክተሯ ጋ ሄዳ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም። "ድኛለሁ፤ ግን እጄ እንጀራዬ ነው" አለቻት። ደሟ ታየ፣ መጠኑ በጥቂቱ ተቀነሰ፣ ለመንቀጥቀጡ ሌላ ክኒን ተጨመረ። እሱም በተራው ያደክማት ነበር፤ ደረጃችንን ስትወጣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጣ አረፍ ትላለች። መንቀጥቀጡን እንዳያብስባት የምትወደውን ማኪያቶ ቀነሰች። ያለ ውኃ መጾም እንደማይገባት ስለተነገራት በቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ቀን የውኃ ፕላስቲኳን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትገባለች። ሰው ዘወር ብሎ ሲያያት ከፍታ ትጠጣለች።

እሁድ ከሰዓት እኔ መለማመጃ ሆንኩ። በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ፣ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲወድቅ አድርጋ፣ "ዓይንሽን ጨፍኚ" ትለኛለች። መጀመሪያ ሰሞን የተደበደብኩ መስዬ ነው የምነሳው፤ እማዬ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር። እህቴ አልሳቀችም። ብሩሽ ቀየረች፣ አጭርና ወፈር ያለ ያዘች። ፎጣ ጠቅልላ ክርኗን አሳረፈችበት። ትንሿን ጣቷን ጉንጬ ላይ ተክላ ተደገፈች። አንድ ረጅም መስመር መሳብ ሲያቅታት፣ ነጠብጣብ አድርጋ ቀስ እያለች ማገናኘት ተማረች። ብዙ እሁድ ፈጀ። እኔ አንገቴ ይደክማል፣ እሷ አይደክማትም። የአንድ ሰው ትዕግሥት ፊቴ ላይ ሲያርፍ ይሰማኝ ነበር።

በእነዚህ ወራት ነው ከእማዬ የጸሎት ቡድን አንዲት ትልቅ ሴት ቤታችን የመጡት። እህቴ ታማ በተኛችበት ጊዜ ሁሉ ሳይታክቱ የጠየቋት፣ የምንወዳቸው ሴት ናቸው። ጸልየው ሲጨርሱ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ልጄ፣ እምነት ካለሽ ያን ክኒን አምጪና ለእኔ ስጪኝ።"

እማዬ ወለሉን አየች። በልቧ እሺ እንድትል የፈለገች ይመስለኛል፤ ልጇ ስትደክም ማየት ሰልችቷት ነበር። እህቴ የተዘረጋውን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ሳመችው።

"እምነትማ አለኝ። ጌታ እንዲያድነኝ ለመኑልኝ አይደል? አድኖኛል። በየማታው በውኃ እየዋጥኩት ነው። እርስዎ ጸሎቱን እንዳያቆሙብኝ ብቻ።"

ሴትየዋ ባዶ መዳፋቸውን ሰበሰቡ። ኋላ "ዛሬስ ዋጥሽው?" ብለው ጠየቋት። እስከ ዛሬም ሲመጡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ከዓመት ገደማ በኋላ ያቺ ባልደረባዬ ታናሽ እህቷን ለመዳር ወደዚያው ሳሎን መጣች። ባለሳሎኗ ሌላ ልጅ ስትሰጣት "አይሆንም፤ ያኔ እውነቱን የነገረችኝን ነው የምፈልገው" አለች። እህቴ እጇን ከማጠቢያው አውጥታ አደረቀች። ሙሽራዋን አስቀምጣ "ጣቴን ጉንጭሽ ላይ እደገፋለሁ፣ ጊዜም እወስዳለሁ፤ ይስማማሻል?" ብላ ጠየቀቻት። ክርኗን ፎጣው ላይ አሳረፈች። ባለሳሎኗ ከጀርባዋ ቆማ አየች። መስመሩ እንደ ድሮው በአንድ ትንፋሽ የተሳበ አልነበረም፤ ሙሽራዋ መስታወት ስታይ ግን ዝም አለች፣ እናትየውም ማልቀስ ጀመሩ።

እህቴ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። አሁን በቀን የምትቀበለው ሙሽራ ከድሮው ያነሰ ነው፤ መንቀጥቀጡም ጨርሶ አልጠፋም።

ከሁሉ በላይ ያደነቅኳት ግን በአንድ ጥር ነው፣ ሠርግ በተደራረበበት ሰሞን። ከሥራ ስትመለስ ዓይኗ ያበራል፣ ቆንጆ ሆናለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሚጢ፣ ቀለሙ ሁሉ ዛሬ በጣም አምሮብኛል። ሊፕስቲኮቹ የሚያናግሩኝ ነው የሚመስለኝ። እንቅልፌም ቀንሷል። ዶክተሯ ጋ አንቺ ደውዪልኝ፤ እኔ ከደወልኩ ደህና ነኝ ብዬ አሳምኛት ነው የምዘጋው።"

ደወልኩ። በማግስቱ ሄድን፣ መድኃኒቷ ተስተካከለ። የዚያን ሳምንት ሙሽሮች ለጓደኞቿ አከፋፈለች፤ ስልኳን ለእኔ ሰጥታ ቤት ዋለች። ያ ስሜት ምን ያህል ደስ እንደሚል ነግራኛለች፤ ዓለም ሁሉ በር የከፈተላት ይመስላታል። በሩን በገዛ እጇ ስትዘጋው አየሁ። ለቀናት ተነጫነጨች፣ ሶፋው ላይ ተጋድማ ግድግዳ ታያለች፣ በእኔም ተቆጣች። ግን አልወደቀችም። ወሩ ሳያልቅ ሥራ ገባች።

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ተንኳኳ። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚሁ መሬት ላይ ሲያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናቸው፣ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ። ነጠላቸውን በጥርሳቸው ይዘዋል።

"ልጄ አይተኛም" አሉ። "ይናገራል፣ ይናገራል። ዩኒቨርሲቲ ትቶ መጣ። ሰው ስለ አንቺ ነገረኝ፤ እንዳትቀየሚኝ።"

እህቴ ከሥራ ገብታ ገና እግሯን ዘርግታ ነበር። ተነስታ ጫማዋን ፈለገች።

"ምኑን እቀየማለሁ? ምግብ ይበላል? ራሱን እጎዳለሁ ይላል?"

"እሱን አይልም። አይበላም ግን።"

"እሺ፣ እኔ ላናግረው። ከዚያ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን።"

"ይቆጣሻል እኮ።"

"ይቆጣ። እኔም ተቆጥቻለሁ፤ እህቴን ይጠይቋት።"

የውኃ ፕላስቲኳን አንስታ ሴትየዋን በክንዳቸው ደገፈቻቸው። ከጎረቤት በቃረመችው ኦሮምኛ "ሂን ሶዳቲና፣ አይፍሩ" እያለቻቸው ደረጃውን መውረድ ጀመሩ። እኔም ጃኬቴን ለብሼ ተከተልኳቸው።