ጧፍ የተለጠፈበት ክንፍ

ጎረቤቴ ፈንታሁን ደብረ ታቦር ውስጥ በድሮን ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። የሚሽከረከሩት የድሮኑ ክንፎች እኩል ካልከበዱ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ እንደ ወራጅ ውኃ ይሞገዳል። ስለዚህ ከሥራ በፊት እያንዳንዱን ክንፍ መርፌ ላይ አስቀምጦ ይመዝናል፤ በቀለለው ወገን ቀጭን ፕላስተር ይለጥፋል።

ባለፈው ጥር ገሳይ ከተማ አጠገብ ጥሩወርቅ የምትባል ሙሽራ ሰርግ ሊቀርጽ ሲሄድ ፕላስተሩን ረሳ። የአንዱ ክንፍ ጫፍ ተሸርፎ ነበር። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ኪዳን ሲያስደርስ ከያዘው ጧፍ ትንሽ ሰም ቆርሶ ለጠፈበት። በጠዋቱ ብርድ ሰሙ እንደ ድንጋይ ያዘ፤ ድሮኑም ጸጥ ብሎ በረረ። እኩለ ቀን ላይ ታምመው የከረሙት አባቷ አቶ ሙላቴ ማንም ሳይደግፋቸው ደጅ ወጥተው ልጃቸውን መረቁ። በዚያው ቅጽበት ፀሐይ ያላላው ሰም ተፈናጥሮ ወደቀ። የሚቀርጸው ድሮኑ ብቻ ነበር። ምስሉ ተሞገደ፤ የሰውየው ፊት አይለይም። ፈንታሁን ሲጠየቅ "ነፋስ ነው" አለ።

አቶ ሙላቴ በሁዳዴ ዐረፉ። ፈንታሁን ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ገና በሩ ላይ ሳለ፣ እናቲቱ ወይዘሮ እመቤት ልጃቸውን ሲወቅሱ ሰማ።

"ጥር ነፋስ ይበዛዋል፣ ጥቅምት ይሁን ስልሽ እምቢ አልሽ! ይኸው አባትሽ ቆመው የሚታዩበት ምስል እንኳ አጣን።"

"ፈተናዬን ልጨርስ ብዬ እኮ ነው፣ እማ።"

ፈንታሁን ነፋስ ቢወቀስ ግድ አልነበረውም፤ በእሱ ውሸት የምትወቀሰው ግን ልጅቷ ሆነች። ወደ ውጭ ጠራት።

"ነፋስ አልነበረም። ክንፉ ላይ ሰም ለጥፌ ነበር፤ ወደቀ።"

"የምን ሰም?"

"የጧፍ።"

ትክ ብላ ዐየችው። "አንተ ሰውዬ! ስንት ሰርግ ላይ ነው ነፋስ ያልከው?"

"ባንቺ ብቻ።"

"ዕድሌ ነዋ! በል ግባና ለእማ ንገራት።"

"ያባርሩኛል።"

"ያባርሩህ! እኔ ስንት ቀን ስወቀስ የከረምኩትስ?"

ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ። ሁሉንም ተናገረ። "እትዬ እመቤት፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷን አይውቀሷት" አለ።

ወይዘሮ እመቤት ፊታቸውን ከእሱ አዙረው "ጥሩዬ፣ ነይ አጠገቤ" አሉ። ልጅቷ ሄዳ ተቀመጠች፤ ነጠላቸውን አለበሷት።

ፈንታሁንን ግን ተቀመጥ አላሉትም። ለቀስተኛው ሁሉ በተቀመጠበት ቤት እሱ ብቻ እንደ ቆመ ቀረ።