የተኛውን የነቀሉበት ቀን

የካቲት ሃያ ሁለት ነበር። ወይስ ሃያ አራት? ማክሰኞ መሆኑን ግን አልጠራጠርም፤ እንዲነቀል ያዘዘውን ደብዳቤ በዋዜማው፣ ሰኞ ጠዋት፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑን እንኳ በትክክል አለመያዜ ዛሬም ያናድደኛል።

ያን ጊዜ የአንድ ሆስፒታል ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ከመስኮቴ ሥር፣ በአጥንት ክፍል ፊት ለፊት፣ አትክልተኛው የሠራው ረጅም የአበባ መደብ ነበር። ሰውየውን ጋሽ ካላንደር ነበር የምንለው። ወሩን በስሙ ጠርቶ አያውቅም፤ «እረፍት የምወጣው ቢጫው ሲፈነዳ ነው» ይላል። ድሮ እግሩ ተሰብሮ እዚያው ክፍል ሰባት ሳምንት ተኝቷል። በመስኮቱ የሚታየው ባዶ አፈር ብቻ ነበር። ሲድን ሥራ ጠየቀ፤ ተቀጠረ።

መደቡን ለማቀድ ሁለት ዓመት ፈጀበት። ዕቅዱን የሣለው በትልቅ የራጅ ፖስታ ጀርባ ላይ ነው፤ ዐሥራ ሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ በዚያ ወር የሚያብበው። ቀለም ስላልነበረው ከቁስል ማጠቢያ ክፍል ለሐምራዊው የቁስል መድኃኒት፣ ለቢጫው አዮዲን ለምኖ በጥጥ ቀባው። ረጃጅሙ ከኋላ፣ አጫጭሩ ከፊት፤ ጽጌረዳው ሲደክም ሊሊው እንዲረከበው፣ ሊሊው ሲከስም ቀዩ ዳሊያ እንዲነሣ። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ባንድ ጊዜ አብቦ ባንድ ጊዜ ጠፋና ነርሶቹ ሳቁበት። «ሰው ወር መርጦ አይታመምም» ብሎ እንደገና ነቅሎ ተከለው።

በዚያ የካቲት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ዓርብ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የመደቡ ገሚስ አፈር ውስጥ አርፏል፤ ጠርዙ ላይ ጄራኒየሙ ብቻ ቀልቷል። ሥራ አስኪያጁ በመስኮቴ አየና «ይሄ ጭራሮ ምንድን ነው? ደብዳቤ ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ፤ «የደረቁ ተክሎች ተነቅለው በኪራይ በሚመጡ የአበባ ሸክላዎች እንዲተኩ።» «የደረቁ» የምትለዋ ቃል የራሴ ናት። ቋንቋ ማሳመሬ ነበር!

አትክልተኛው ደብዳቤውን በአንድ እጁ፣ ፖስታውን በሌላው ይዞ፣ ጫማውን ሳያራግፍ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ማነው ደረቀ ያለው?»

«ደርቋል እኮ አባቴ። ዓይን አለን።»

«ተኝቷል እንጂ አልደረቀም!»

«ተኛም ሞተም፣ ዓርብ አያምርም።»

«እዚህ ግቢ የተኛ ሁሉ ይነቀላል?» ድምፁ ኮሪደሩን አናወጠው። «እንግዲያው ከአጥንት ክፍል ጀምሩ! ስምንት ሰው ተኝቷል፤ ሂዱና ንቀሏቸው!» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አንዷን ዓምድ በጥፍሩ መታ። «ሦስት ሳምንት ይታገሡኝ፣ ይነሣል።»

«እንግዶቹን ሦስት ሳምንት በር ላይ ላቁማቸው?»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የደብዳቤውን ቅጂ ፋይል ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ የቀን ሠራተኞች ዶማ ይዘው መጡ። እንደ ስኳር ድንች የወፈረው የዳሊያ ሥር፣ ጫፉ ላይ ቡቃያ አቆጥቁጦ፣ እየተሰነጠቀ ወጣ። እግሯ በጀሶ የታሰረ አንዲት እናት በመስኮት ትጮኻለች፤ «እጃችሁ ይሰበር! ቀዩ ሲያብብ በእግርሽ ትሄጃለሽ ብሎኛል እኮ!» አትክልተኛው ከዚያ ወዲያ አልለመነም። ቆሻሻ ክምሩ ላይ ተቀምጦ የተረፈውን ሥር እያራገፈ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ሲሳደብ የዋለው ስድብ እዚህ አይጻፍም።

ዓርብ እንግዶቹ በወዲያኛው በር ገብተው በዚያው ወጡ። መደቡን ዞር ብሎ ያየ አልነበረም። ሸክላዎቹ በማግስቱ በመኪና ተጭነው ተመለሱ። ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በሥራ አስኪያጁም፣ በራሴም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ላይ የራጅ ፖስታውን አገኘሁት፤ ከላዩ ደብዳቤዬ። «የደረቁ» በአዮዲን ተሰርዞ «የተኙ» ተብሏል። ቃሏ የእኔ መሆኗን ማን ነገረው? ዕቅዱንስ ለምን ለእኔ ተወው? ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ።

ዘበኛው በሩን እየዘጋ ነበር።

«ጋሽ ካላንደርን ነው? አሁን ወጣ እኮ! ሥራውንም ለቋል፤ ጆንያውን እንደ ሕፃን አዝሎ።»

«ወዴት ሄደ? ምነው ትንሽ ባቆየኸው!»

«የት ቆሞ ወንድሜ? ‹ይነቁብኛል› እያለ ነው የሮጠው።»