ጥሩነሽና የአዲስዓለም ጀልባ

ጥሩነሽን ቀናተኛ ነሽ ብትሏት አትክድም። «አዎ፣ እቀናለሁ። ለቅናት የማይበቃ ባል ቢሆንማ ምን አደከመኝ» ትላለች፣ ትኩስ ቅቅል ድንቿን ሳህን ላይ እየደረደረች። ደብረ ታቦር መናኸሪያ በር ላይ ድንች በድቁስ የበላ መንገደኛ ሁሉ ያውቃታል። ትውልዷ ከጉና ተራራ ሥር ነው፤ ድንቹም ከዚያው ከወንድሞቿ ማሳ ይመጣላታል። እጇ ፈጣን ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከእጇ ይፈጥናል። ፖሊስ አትፈራም፣ ጅብ አትፈራም። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባሏን ሞገስን ሌላ ሴት እንዳትወስድባት።

ሞገስ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ከጥፍሩ ሥር ቀለም የማይጠፋ ሰው። ጥሩነሽ በወተት ሻጯ ቀንታበታለች፤ ጥርሱን በነቀለችለት ሐኪም ቀንታበታለች፤ አንድ ጊዜማ አስፋልት ባሻገራቸው አሮጊት የተነሣ ቀኑን ሙሉ አኩርፋው ውላለች። «ክንዳቸውን ለምን ያዝህ? ድምፅህን ሰምተው አይሻገሩም?» ነበር ክሱ። እሱ ይስቅና ያልፈዋል። ቅናቷን እንደ ደብረ ታቦር ብርድ ለምዶታል።

ታዲያ ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ አንድ አይሱዙ ጀልባ ጭኖ የሞገስ ጋራዥ በር ላይ ቆመ። እውነተኛ ጀልባ፣ ቀለሙ የተቀረፈ አሮጌ የፋይበር ጀልባ። ሐይቅ በሌለበት ደጋ ላይ ጀልባ ማን አይቶ ያውቃል? ሰፈሩ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ሞገስ፣ የጥፋት ውሃ ሊመጣ ነው እንዴ? ለእኛም ቦታ ያዝልን» እያሉ ጎረቤቶቹ ቀለዱበት። ጥሩነሽም አብራ ሳቀች። ሳቋ ቀጥ ያለው የጀልባዋ ባለቤት ከአይሱዙው ጋቢና ስትወርድ ነው።

አዲስዓለም ነበረች።

አዲስዓለም ማለት የሞገስ አባት መጀመሪያ ለልጃቸው ያጩለት ሴት ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺታ ተገኝቶ፣ ድግሱ ሲታሰብ ልጅቱ «ጥቂት ሠርቼ ልምጣ» ብላ ዓረብ አገር ሄደች፤ እዚያው ቀረች። ሞገስ ቆይቶ ጥሩነሽን አገባ። አሁን አዲስዓለም ተመልሳ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ሐሙሲት ላይ ቤት ሠርታለች፤ ጣና ላይ ገዳም ተሳላሚዎችን ላመላልስ ብላም ይህችን ጀልባ ገዝታለች። እሱስ ይሁን። ግን ለቀለም ብሎ ጀልባ ተራራ ለተራራ ይዞ መውጣት ምን ይባላል?

«ባሕር ዳር ቀለም ቀቢ ጠፍቶ ነው?» አለችው ጥሩነሽ ማታ።

«አይሱዙው የወንድሟ ነው። ድንች ሊጭን ባዶውን ስለሚመጣ ነው ያመጣላት» አላት ሞገስ።

ዕድሜዋን ሙሉ ድንች ስትሸጥ፣ ድንች እንዲህ ያለ ጉድ ያመጣብኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ሞገስ ጀልባዋን ገልብጦ በርሜሎች ላይ አሳረፋትና ሥራ ጀመረ። መኪና ቢሆን አሮጌውን ቀለም ማስለቀቂያ ቀብቶ ይገፍፈው ነበር። ፋይበር ግን ይህን አይችልም፤ ማስለቀቂያው ገላውን ይበላዋል። ስለዚህ በመፋቂያና በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀስ እያለ፣ በእጁ ይፍቃት ጀመር። አረንጓዴው ሲለቅ ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ ከቀዩ ሥር ደግሞ ያረጀ ነጭ። የተሰነጠቀውን በስቱኮ ደፈነ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ በመዳፉ ይዳስሳታል፤ ዓይን የሳተውን ጉብታ መዳፍ ያገኘዋል። እንዲህ የሚጠነቀቀው ጀልባ ቀብቶ ስለማያውቅ ነው። ይህች ካማረችልኝ ሐይቁ ዳር ያሉትም ያመጡልኛል፣ ከተበላሸች ግን ስሜ እስከ ጣና ድረስ ይጠፋል ብሎ ፈርቷል።

ጥሩነሽ ምሳ ይዛ ስትመጣ ያየችው ግን ፍርሃቱን አይደለም፤ ያችን መዳፍ ነው።

«እኔን እንዲህ ዳስሰኸኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«አንቺ ጉብታ የለብሽም» አላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ይህ መልስ ሌላ ቀን ቢሆን ሳምንት ሙሉ ያስቃት ነበር። ያን ቀን ግን ምሳውን መሬት ላይ ቁጭ አድርጋለት ሄደች።

አዲስዓለም ማክሰኞ ሥራውን ልታይ ትመጣለች ተባለ። ጥሩነሽ ሰኞ ድንቿን ጎረቤቷ እንድትሸጥላት ትታ ሹሩባ ስትሠራ ዋለች። ማክሰኞ ጠዋት አናቷ ላይ ለጋ ቅቤ ጣል አደረገች፤ የበዓል ነጠላዋን ለበሰች። ምን ታድርግ፣ ያችኛዋ የዓረብ አገር ሽቶ ይዛ ስትመጣ እሷ የድንች እንፋሎት ይዛ ልትቀርብ ነው? ፀሐዩ ሞቅ እያለ ሲሄድ ቅቤው ቀልጦ በሹሩባው መስመር ለመስመር ወደ ጆሮዋ ወረደ።

ጋራዡ ስትደርስ ጀልባዋ መሐል ቆማለች፤ ባሏና አዲስዓለም ከወዲያ ጎን ናቸው። ድምፃቸው ይሰማል እንጂ አይታዩም። ከወዲህ ያለው ጎን ሥራው አልቆ በቲነር ተወልውሏል። ሞገስ ጠዋት ከቤት ሲወጣ «በወለወልሁት በኩል ማንም ድርሽ እንዳይል፤ የጣት ወዝ እንኳን ቢነካው ቀለም አይዝም» ሲል በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። አሁን ግን ያ ጆሮ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ቀስ ብላ ተጠጋች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ጆሮዋን ከጀልባዋ ጎን ለጠፈች።

«እውነቱን ንገረኝ እስቲ» አለች አዲስዓለም። «ያኔ ለምን አልጠበቅኸኝም?»

ሞገስ አንድ ነገር መለሰ። ነገር ግን እየተናገረ ብርጭቆ ወረቀቱን ይፈገፍግ ስለነበር፣ በፋይበሩ ውስጥ እሽ... እሽ... ከሚል ድምፅ በቀር አንዲት ቃል አልወጣም። ጆሮዋን ይበልጥ ተጫነች። የሰማችው የአዲስዓለምን ሳቅ ብቻ ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ብትጠይቀው ተለጥፌ ሰማሁ ማለት ነው። ባትጠይቀው ደግሞ ልትፈነዳ ነው። «ምን አላት? ምን ብሎ አሳቃት?» እያለች ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ ነጋ።

ረቡዕ ጠዋት ሞገስ ኮምፕሬሰሩን አስነሣና ከወዲህኛው ጎን መርጨት ጀመረ። ውሃ ሰማያዊ ነው ቀለሙ። ዘመድ ቤት ያደረችው አዲስዓለም ቆማ ታያለች፤ ጥሩነሽም ሁለቱን ብቻቸውን ላለመተው ድንቿን ትታ መጥታለች። ቀለሙ እንደ መስታወት ተኝቶ ሲሄድ ሲሄድ፣ ጎኑ መሐል ላይ ሲደርስ ግን ሸሸ። ቦታው ላይ አልይዝ አለ። ሞገስ ደገመበት፤ እንደገና ሸሸ። ሰማያዊው እየራቀ ከሥሩ ነጩ ብቅ ሲል አንድ ክብ ወጣ፤ ክቡ ውስጥም እኩል እኩል የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች።

ሞገስ ኮምፕሬሰሩን አጠፋ። መስመሮቹን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ የሚስቱን ሹሩባ አየ። ጥሩነሽ ነጠላዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች፤ ግን ረፍዷል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር። በቅናቷ የባሏን ስም፣ ያውም በዚህች ሴት ፊት፣ አፈር አስጋጠችው።

«ምን ሆነ?» አለች አዲስዓለም።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ ሞገስ። «በደንብ ሳልወለውለው ቀርቼ ነው። ፍቄ እደግመዋለሁ፤ ዓርብ ነይ።»

አዲስዓለም ክቡን አየች፤ ነጠላውንም አየች። ነገር ቆፍራ አትጠይቅም፤ ዓረብ አገር የሰው ቤት ስትሠራ ዝም ማለትን ተምራለች። «እሺ። እቴ፣ ደህና ዋይ» አለቻትና ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ይቅርታ ልትለው አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ምን ብለህ መለስህላት?»

ሞገስ ሳቀ። «ይህን ያህል ተለጥፈሽ አልሰማሽም?»

«ስትፈገፍግ እንዴት ልስማ?»

«ጠብቄሽ ነበር አልኋት።»

ጥሩነሽ የተደፋ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀመጠች።

«ይህን ብቻ ነው ያልሃት?»

«ጠብቄሽ ነበር፤ እንኳን ዘገየሽ አልኋት።»

ጥሩነሽ ተነሥታ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አጥብቃ ሻሽ አድርጋ አሰረች፤ ቲነሩንና ብርጭቆ ወረቀቱን ከእጁ ተቀበለችና የገዛ ሹሩባዋን ከአዲስዓለም ጀልባ ላይ ትፍቅ ጀመር። ሞገስ ከጎኗ ሆኖ ውሃ ያፈስላታል።

«ስንት ዓመት ነው የጠበቅሃት ግን?» አለችው፣ እጇን ሳታቆም።