በጾም የተወለወለው ምንሽር

በእኛ ቤት ከቅዱሳን ሥዕል ቀጥሎ የሚከበረው የአባቴ ምንሽር ነበር። አባቴ ከወረታ ገበያ ሲመለሱ አስቀድመው የሚያዩት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ነው፤ እኛ ኋላ እንደርሳለን። ወንዶች ሲሰበሰቡም ወሬያቸው ያው ነው። ምንሽር ሩቅ ይመታል ግን ይቀብጣል፤ ቤልጅግ ጭቃ ገብቶበትም ይጎርሳል፤ ያኛው አይስትም፣ ይሄኛው አይከዳም። ፎገራን የሚያህል ሜዳ ከነከብቱ ይዘው ሌላ የሚያወሩት አልነበራቸውም።

አንድ ዓመት በዐቢይ ጾም የአባቴ አበልጅ ቤልጅጉን አንግቶ ከይፋግ መጣ። ሰዉ ሁሉ አንቱ ይለዋል፤ እኔ እዚህ ላይ አልለውም። የመጣው ጠመንጃ ሊለውጥ ነው። ተተኩሶ ቤልጅጉ ከበለጠ፣ አባቴ ቤልጅጉን ወስደው ምንሽሩን ይሰጡና በላዩ ቀይዋን ጊደር ይመርቁለታል። ጊደሯ የእኔ ናት። የክርስትና እናቴ ስትሞት የተወችልኝ ናት። እናቴ ጊደሯ ተሸጣ ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት ስገባ ለቀለቤ እንድትሆን አባቴን አስምላቸው ነበር። የትምህርት ዕድሜዬም እያለፈ ነበር።

እናቴ ስትቆጣ አባቴ፣ «መሐላዬን መች አፈረስሁ?» አሉ። «ምንሽሬ ሲሸነፍ አይደል ጊደሯ የምትሄድ?»

ምንሽሩ ግን ደህና አልነበረም። ሌላ ጊዜ የሚወለወለው በቅቤ ነው። አባቴ በጾም ቅቤ መንካት ስለሚጸየፉ፣ ከቅበላ ወዲህ በኑግ ዘይት ሲያሹት ሰነበቱ። የኑግ ዘይት ሲቆይ ይደርቃል፤ ከድስት ጠርዝ በጥፍሬ እየፋቅሁ የማነሣው እኔ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ። መቀርቀሪያው ውስጥ ገብቶ ተጋግሯል።

«አባባ፣ ዘይቱ ሙጫ ሆኗል፤ በላምባ ይጠቡት» አልኋቸው።

«ድስት መሰለሽ?» አሉ።

አበልጁ ሳቀ። «ይተዉዋት እንጂ፤ ነገ ደግሞ ዝናር ታጥቃ ትመጣልዎታለች።»

ዒላማው ቅል ወይም ድንጋይ ቢሆን ምን ነበረበት? ወደ ጣና ዳር ወርደው ረግረጉ ላይ የሚለቅሙትን ዝይዎች መረጡ። ዝይ በእኛ አገር አይበላም፣ በጾም ደግሞ ጭራሽ። ለጠመንጃ እንኳ ቅቤ አልነካም ያሉ ሰው፣ የማይበሉትን ወፍ ደም ለማፍሰስ ጾሙ አልከለከላቸውም። እኔ ቆሎና ውሃ ተሸክሜ ተከተልሁ።

አበልጁ በደረቱ ተኝቶ፣ አፈሙዙን ጆንያ ላይ አስደግፎ ተኮሰ። አንዷ ዝይ ወደቀች። ደግሞ ተኮሰ፤ ሌላዋ ክንፏ ተሰብሮ ጭቃው ላይ ትሽከረከር ጀመር። ሄዶ የገላገላት የለም፤ እነሱ ስለ ቤልጅጉ እያወሩ እሷ ትሽከረከራለች።

አባቴ ቆመው አነጣጠሩ።

«እርስዎም አስደግፈው ይተኩሱ» አልኋቸው ቀስ ብዬ።

«ወንድ ቆሞ ነው የሚተኩስ።»

ቃታውን ሳቡ። ጠቅ አለና ዝም። አውጥተው ሌላ አጎረሱ፤ አሁንም ዝም። በመጨረሻ ሲተኩስ ጥይቱ ውሃውን መታ፤ ወፎቹም ተነሥተው ሄዱ።

«ይሄማ ለለቅሶ ተኩስም አይሆን» አለ አበልጁ፣ ከተኛበት ሳይነሣ።

ማወዳደር ያሉት ይህንን ነው። አንዱ ተኝቶ፣ አንዱ ቆሞ፤ አንዱ ጠመንጃ የጸዳ፣ አንዱ የተጣበቀ። ጥይቱስ የማን አሮጌ፣ የማን አዲስ እንደሆነ ማን አየ? ጠመንጃ ተለዋውጠን እንደገና እንሞክር ያለ አልነበረም። አባቴ «ከዳኝ» አሉ፣ ብረቱ መሐላ የበላ ይመስል።

ጊደሯ ከእኔ በቀር ማንንም ስለማትከተል፣ እስከ ርብ መሻገሪያ እንድወስዳት ታዘዝሁ። እናቴ ከቤት አልወጣችም። አበልጁ ምንሽሩን ትከሻው ላይ አድርጎ አጠገቤ ይሄዳል። መንገድ ላይ ጨዋታ አማረውና፣ «ያልሽው እኮ ልክ ነው» አለኝ። «ማታ በላምባ ባጥበው እንደ አዲስ ነው የሚሆን።»

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሯቸውም?»

«እኔ ምን አገባኝ? ጠመንጃው የሳቸው ነበር።»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ገመዱን ተቀበለኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እግዜር ያሳድግሽ» አለ። አሜን አላልሁም። ጊደሯ ውሃው ውስጥ ቆማ አልሄድም ስትል በሰደፉ ወገቧን መታትና ተሻገሩ።

ደብረ ታቦር ትምህርት ቤት የገባሁት ከብዙ ክረምት በኋላ፣ ቁመቴ ከመምህሩ ሲተካከል ነው።