የጠዋቱ ማስጠንቀቂያ

ሶዶ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ከትውልድ ቀዬዬ ከቤሌ ከመጣሁ ወር አልሞላኝም ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገርም አልፈጠረብኝም።

የሠራተኛውን ማኅደር የምናስገባበት አንድ ሲስተም ነበረን፤ ሲስተሙ የተጫነበት ሰርቨር እኛ ክፍል ጥግ ላይ ቀን ከሌት ያጓራል። ብራውዘር ሲከፈት ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበት ሰርተፊኬት አለው፤ መታወቂያ በሉት። ችግሩ መታወቂያውን ያወጣንለት እኛው ራሳችን ነን። ብራውዘሮቹ ማኅተማችንን ስለማያውቁት "ይህ ግንኙነት አይታመንም" የሚል ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ይደቅናሉ። ከሥሩ "አደጋውን ተረድቻለሁ" የሚል መጫኛ አለ። ሠራተኛው ሁሉ ሳያነብ ተጭኖ ያልፋል። በቫይረስ ብዛት ተማርረን ኮምፒውተሮቹን በጠፉ ቁጥር ያለፈውን ሁሉ እንዲረሱ አድርገናቸው ስለነበር ማስጠንቀቂያው በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይመጣል።

አንዲት ሴት ብቻ አልጫንም አሉ። የማኅደር ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው። እትዬ እላቸው ነበር።

"አደጋውን ተረድተሻል ወይ ነው የሚለኝ" አሉኝ በመጀመሪያው ቀን። "አልተረዳሁም። ያልተረዳሁትን ተረድቻለሁ ብዬ ልዋሽ?"

"እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው።"

"ማሽን ቢሆንስ? የምዋሸው እኔ ነኝ።"

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ ይደወልልኛል። ክፍላቸው ከግቢው ጫፍ፣ አጥሩ ሥር ነው፤ የሚቀመጡትም ብቻቸውን ነው። ጭቃውን እየረገጥኩ ወርጄ እጫንላቸዋለሁ። ስጫን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ፤ ኃጢአቴ እንዳይነካቸው ይመስለኛል። ከዚያ "ታ ናዓው" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ቁርስ በልተሃል? እናትህ ጋ ደውለሃል?" ከመሳቢያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ቅቅል ጎዳሬ ከማባያው ከዳጣ በርበሬ ጋር ያወጣሉ። ቢሮ ስመለስ ጓደኞቼ "የእትዬ ጣት መጣ" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም እበሽቃለሁ።

ስኳር ነበረባቸው። አንድ ጠዋት ስገባ በላብ ተጠምቀው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቃል ማውጣት አቅቷቸው አገኘኋቸው። ስኳራቸው መውረዱ ገብቶኝ ከሻይ ቤቱ ስኳር የበዛበት ሻይ በሩጫ አምጥቼ አጠጣኋቸው። በማግስቱ "ባለቤቴ ሥራሽን ተዪ ብሎኝ ነበር" አሉኝ። "ጠዋት ጠዋት የሚያየኝ ልጅ አለ ብዬ አረጋጋሁት።" ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ይህን ስሰማ ደስ ሊለኝ ሲገባ ሸክም ተጨመረብኝ ብዬ በሆዴ ተነጫነጭኩ። እውነቱ ይህ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አጭር ስክሪፕት፣ ለኮምፒውተሮቹ ትእዛዝ የሚሰጥ ጽሑፍ፣ ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰርተፊኬታችንን ራሱ ወስዶ በየብራውዘሩ የታመኑት ዝርዝር ውስጥ ያስገባል፤ ሰው ምንም መንካት አያስፈልገውም። ሰኞ ጠዋት ግቢው በሙሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። አለቃዬ ስብሰባ ላይ አመሰገነኝ፤ ሁምቦና በዴሳ ላሉት ቢሮዎችም እንድሠራላቸው አዘዘኝ። በደስታ የምይዘውን አጣሁ።

ስልኩ ግን በሰዓቱ ደወለ።

"ያ ማስጠንቀቂያ የት ሄደ?"

"አስወገድኩልዎት እትዬ። ከእንግዲህ እኔን መጥራት አያስፈልግዎትም።"

"ጎበዝ ነህ" አሉ። "ጎዳሬው ግን አለ፤ ብቅ በል።"

እመጣለሁ አልኩ። አልሄድኩም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም። ሁምቦና በዴሳ መመላለስ በዝቶብኝ ነበር እላለሁ፤ ሰበብ ነው። ክፍላቸው ከቢሮዬ የሦስት ደቂቃ መንገድ ነበር። የግቢው በር ላይ ስንገጣጠም "ጠፋህ" ይሉኛል፤ "ሥራ ነው" እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም "እሱ ያበርታህ" ብለው ያልፋሉ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ስትጮህ ሰምተን ወደ ታች ሮጥን። እትዬ ወንበራቸው አጠገብ ወድቀዋል። መቼ እንደወደቁ የሚያውቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲስተሙ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ስም አልገባበትም። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይተው አረፉ።

ለቅሶው ላይ መዘምራኑ ፋታ ሲወስዱ ድንኳኑ ውስጥ ወደ ባለቤታቸው ቀረብኩ። አንድ የቢሮ ሰው ማንነቴን ነገራቸው። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነስተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

"በየጠዋቱ የምታያት ልጅ አንተ ነህ?" አሉኝ። "ከሥራ ስትገባ 'ዛሬስ ልጁ መጣ?' እላታለሁ። 'መጥቷል፤ ጎዳሬውንም በልቷል' ትለኛለች። ከመውደቋ በፊት በነበረው ቀን እንኳ እንዲሁ ነው ያለችኝ። እስከ መጨረሻው አልተውካትም፤ እግዚአብሔር ይባርክህ።"

ለማሽን እንኳ አልዋሽም ያሉት ሴት ለእኔ ሲሉ ሦስት ወር ሙሉ ባላቸውን ዋሽተዋል። "አልሄድኩም ነበር" ልል አፌን ከፈትኩ። ከተናገርኩ ግን፣ አፈር በለበሱ በማግስቱ፣ በባላቸው ፊት ውሸታም የሚባሉት እሳቸው ናቸው። አንገቴን ደፍቼ ምርቃቱን ተቀበልኩ።