የአስከሬን መኪናዋ ትንፋሽ

በመሥሪያ ቤታችን ከእሱ የበለጠ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው የለም፤ ስሙን ግን «ፎርሙላ» ብለነዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። እኔ ሣጥን ሠሪ ነኝ፤ እሱ ደግሞ የሠራሁትን ሣጥን ከነባለቤቱ መቃብር ድረስ የሚያደርስ የአስከሬን መኪና ሹፌር ነው። በአንድ የቀብር አገልግሎት ድርጅት፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አብረን ሸብተናል።

ፎርሙላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ክራቫቱ መቼም ዝንፍ የማይል ሰው ነው። በወጣትነቱ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ መሆን ነበር ሕልሙ። ዕጣው ሌላ ሆነና ለቀስተኛ በእግሩ የሚከተላትን መኪና ያዘ። «ታዲያ ምን ጎደለብኝ?» ይላል። «እኔ ስነዳ ማንም አይቀድመኝም። እኔን ለመቅደም የሚቸኩል ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ይቀልዳል እንጂ በሥራው ዋዛ አያውቅም። አሮጊቶች ሳያለከልኩ እንዲከተሉት መኪናዋን በፍሪሲዮን እያንሸራተተ ይወስዳታል። የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ደንበኞቿን እያሳቀች «ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ሲነሣ እንኳ በአንደኛ ማርሽ ነው የሚመልስልኝ» ትላለች።

ችግሩ ዳገቱ ነው። መካነ መቃብሩ ከከተማው በላይ፣ ጉብታው አናት ላይ ነው ያለው። መኪናዋ እያረጀች ስትሄድ ዳገቱን እያጣጣረች መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን የአንድ ጡረተኛ መምህር ቀብር ላይ ግማሽ መንገድ ደርሳ ቀጥ አለች። ሰዉ ኮቱን እያወለቀ ሊገፋ ተሰለፈ። የሟች ወንድም እጅጌውን ሰብስቦ፣ «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ቀጠሮ አክብሮ አያውቅም፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ቢል፣ ለቀስተኛው ማልቀስና መሳቅ ተምታታበት። ፎርሙላ አልሳቀም። መሪውን እንደያዘ ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለቤት አስጠራችው። እትዬ የምንላት፣ ቃሏ አጭር የሆነ ሴት ናት። «ስማ ወንድሜ» አለችው፤ «ወይ አድናት፣ ወይ ጡረታ እናውጣት። ሰው ሊቀብር መጥቶ መኪና ገፍቶ አይሄድም።»

የሚስቱ ታናሽ ወንድም መካኒክ ነው። ጋራዡ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ ጠባብ ቤት ነው። እኔም ወሬ አይለፈኝ ብዬ አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ የአየር ፊልትሮውን አወጣና መሬት ላይ ጠፍ ጠፍ አደረገው። የወጣው አቧራ ሦስታችንንም አሳለን። ፊልትሮው ዓመት ሙሉ እግር የተጠረገበት የበር ምንጣፍ መስሏል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ፎርሙላን ነዳጅ አስረገጠውና በጣቱ አሳየኝ፤ አየር የሚያስገባው የላስቲክ ቱቦ ወደ ውስጥ ተጣብቆ ሲጨማደድ አየሁ።

«አየህ ጋሼ» አለው፤ «ሞተር ማለት ሯጭ ነው። ነዳጅ ብቻ አይበቃውም፤ አየር ይፈልጋል። አንተ ደግሞ አፏን በፎጣ አፍነህ ዳገት ውጪ እያልካት ነው።»

«መፍትሔውስ?»

«ምን መፍትሔ አለው፤ አዲስ ፊልትሮ፣ አዲስ ቱቦ፣ አለቀ።»

የፎርሙላ ዓይን ግን መደርደሪያው ላይ ተተክሏል። እዚያ ቀይ፣ ሾጣጣ፣ እንደ ሕፃን ራስ የገዘፈ ፊልትሮ ከሚያብለጨልጭ ወፍራም ቱቦ ጋር ተቀምጧል።

«ያስ?»

«እሱማ የጎረምሳ ነው ጋሼ። መሸፈኛ የለውም፣ ገላው ክፍት ነው። አየር እንደ ልብ ያስገባል፤ ግን ይጮኻል።»

«ምን ያህል ይጮኻል?» ሲል ፊቱ ላይ የሃያ ዓመት ልጅ አየሁ። በዚያው ነገሩ ተቆረጠ። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት፣ «የሞተ ሰው ልትቀሰቅስ ነው?» ብላ የያዘችውን ማበጠሪያ ወርውራ ሳቀች።

ቀዩ ፊልትሮ ከተገጠመ በኋላ መኪናዋን ባዶዋን ሊሞክራት ወጣ። ሲመለስ ዳገቱን ራሱ በእግሩ የሮጠ ይመስል ትንፋሹ ተቆራርጧል። «በሁለተኛ ወጣች!» ይለኛል ትከሻዬን ይዞ፤ «በሁለተኛ!»

የመጀመሪያዋ ተሸኚ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ሰውን ዝም ስታሰኝ የኖረች ሴት። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናዋ እግረኛው ፊት ፊት እየተንፏቀቀች ከተማውን አቋርጣ ዳገቱ ሥር ደረሰች። ፎርሙላ ነዳጁን ረገጥ ሲያደርግ እንደ ኮርማ አገሳች! አንዱ የያዘውን አበባ ጣለ። የሟች እህት ፊቷን በመሐረብ ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እኛ እያለቀሰች መስሎን ነበር፤ ኋላ ራሷ እንደነገረችን ግን «እሷ ብትሰማ ከሣጥኑ ወጥታ ጸጥ ታሰኘው ነበር» ብላ ስታስብ ሳቋ አልቆም ብሏት ነው።

ይባስ ብሎ መኪናዋ ግማሽ ዳገት ላይ ጉልበት ከዳት። ጩኸቱ እንዳለ ነው፤ መሄዱ ነው የጠፋው። ጉራዋን ይዛ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በስንት መከራ ወጣች።

«ይሄ የቀብር ድርጅት ነው ወይስ የእሽቅድምድም ሜዳ?» አለች እትዬ። ፎርሙላ ክራቫቱን ሲያላላ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መካኒኩ ፊልትሮውን በእጁ ነካና ፈገግ አለ። «ጋለ እኮ! ከሞተሩ ጎን ተጥዶ የሞተሩን ግለት ነው የሚጠጣው። ሙቅ አየር ስስ ነው፣ ጉልበት የለውም። ባዶዋን ስትሞክራት ኮፈኑ ሥር ገና አልጋለም ነበር። አሁን ከሞተሩ የሚጋርደው፣ ከፊት ለፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባለት ሣጥን ያስፈልገዋል።»

«ሣጥን» ሲል ሁለቱም እኩል ወደ እኔ ዞሩ።

እኔም ክርታስ እየቀደድኩ ልክ ወሰድኩ። መጀመሪያ በስስ ኮምፔንሳቶ ሞዴሉን ሠራሁ፤ መካኒኩ በእሱ ልክ ላሜራ ቆርጦ በየዳው። ጩኸቱን እንዲውጥልን ከሣጥኖቼ የውስጥ ልባስ የተረፈ ወፍራም ጨርቅ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩበት፤ ሞተሩ ክር እንዳይስብ ጫፍ ጫፉን ሳይቀር በማስቲሽ አሸግሁት። ወፍራሙን ቱቦ ደግሞ መካኒኩ ከፊት ከፍርግርጉ ጀርባ ስቦ አመጣው፤ በዝናብ ጊዜ የኩሬ ውኃ እንዳይምግ ከፍ አድርጎ አሰረው። ለሚተነፍስ ነገር ሣጥን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

«ክዳኑ በእጅ የሚፈታ ይሁን» አለኝ ፎርሙላ።

«ለምን?»

«ለጽዳት ነዋ» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ ሌላ አዞረ።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ሰው ሆነች። በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ እያንጎራጎረች ትወጣለች። እትዬም ምስጋና ባታውቅበትም ራሷን ነቀነቀች። ፎርሙላ ብቻ የሆነ ነገር የቀረበት መሰለ። አንዳንዴ ባዶውን ሲመለስ ከሩቅ ግሳት ይሰማኛል፤ መጋዜን ጮክ አድርጌ እስብና እንዳልሰማ እሆናለሁ።

አንድ ቀን አጠር ያለች፣ ደንደን ያለች ሴት ሣጥን ልታዝ መጣች። ባሏ የረጅም መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጣውላውን በጣቷ እያንኳኳች መረጠችና፣ «ያቺ የምታገሳዋ መኪና የእናንተ ናት?» አለችኝ።

አቤቱታ መጣ ብዬ ቶሎ አልኩ፣ «አስተካክለናታል እኅቴ። አሁን ድምፅ የላትም።»

ፊቷ ወደቀ። «ወይኔ! የእኔ ሰው ከሞተር ድምፅ ሌላ ሙዚቃ አያውቅም ነበር። እንዲህ በጸጥታ ሸኝቼው ቤት መግባቱ አልዋጥልኝ አለ።»

ፎርሙላ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ እትዬ ቢሮ ሄደ። ምን እንዳላት አላውቅም፤ ሲወጡ ግን እሷ እያስጠነቀቀችው ነበር፦ «ዳገቱ ላይ ብቻ። ከተማ ውስጥ ትንፍሽ እንዳትል!»

የቀብሩ ዕለት ጠዋቱ ቀዝቀዝ ብሏል። የሟች ጓደኞች ጭነት መኪናቸውን አሰልፈው ይከተሉናል። ሴትዮዋ ከፎርሙላ ጎን፣ እኔ ከኋላ ከሣጥኑ አጠገብ ነን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ ፎርሙላ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የፊልትሮውን ሣጥን ክዳን ፈትቶ እኔ እግር ሥር አስቀመጠና ክራቫቱን አስተካክሎ ገባ። ከዚያ ረገጠው።

አገሳች። ከኋላ ያሉት ሹፌሮች በየመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ፤ ጥሩንባ የነካ ግን የለም። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። ትንሽ እንደወጣን አንዴ ገለጠችና፣ «ምን ታንቃታለህ? ልቀቃት እንጂ!» አለች።

ፎርሙላ በመስታወቱ አየኝ። እኔ ሣጥኑን በሁለት እጄ አቀፍኩ። ሦስተኛ አስገባና ለቀቃት። ሴትዮዋ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ የፊት ለፊቱን ዳሽቦርድ በመዳፏ ትመታ ጀመር፤ «እንዲህ ነዋ! እንዲህ ነዋ!» እያለች። የፎርሙላ ጆሮ ሲቀላ አይቻለሁ።

ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ሹፌሮቹ አልተበተኑም። በጥቁር ልብሳቸው መኪናዋን ከብበው ኮፈኗን አስከፈቱና ቱቦው ጠቦ እንደሆነ፣ ሰፍቶ እንደሆነ ይከራከሩ ገቡ። ፎርሙላ ክራቫቱን በሸሚዙ ቁልፎች መሀል ወትፎ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳቸዋል። ሴትዮዋ ስትመጣ አፍረው ኮፈኑን ሊዘጉ ቢሉ፣ በክርኗ ገፋ ገፋ አድርጋ መሀላቸው ገባችና፣ «እስቲ እኔም ልየው» አለች።

ስልኬ ጮኸ። እትዬ ናት፤ ሌላ ቤተሰብ ቢሮ ተቀምጦ ይጠብቃል።

«ምን ሆናችሁ ቀራችሁ? ዳገቱ ዛሬም እንቢ አለ?»

«ኧረ እትዬ» አልኳት፤ «መውጣቱንስ ወጥተናል። መውረዱ ነው እንቢ ያለን።»